ያልተገራ ያልኩት ድምፅ

አዳራሹ ከእኔ በፊት የሳቀ ቀን ሥራዬ ማብቃቱን አወቅኩ። እንግዳው ሰባኪ በእንግሊዝኛ አንድ ቀልድ ጣል አደረገ። እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «አንድ ሰውዬ ነበር አሉ» ልል ስል ሕዝቡ ቀድሞኝ በሳቅ ፈረሰ። ወጣቶቹ ብቻ ቢሆኑ ምንም አልልም ነበር። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እናቶች ሳይቀሩ ሳቁ! ቀልዱን በአማርኛ ስደግመው ያሳለ ሰው እንኳ አልነበረም።

ምን ይደረግ? ልጆቹ በስልካቸው ሲያዩ የሚውሉት ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «በቃኝ» አልኳቸው። ቤቴ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ። መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ዕድሜ ልኩን ሰው አጠገብ ቆሞ ሲያስተረጉም የኖረ ሰው ሶፋ ላይ ምን ያደርጋል? ቴሌቪዥኑ ሲያወራ እተረጉማለሁ። ጎረቤት ሲጣላ እተረጉማለሁ። ባለቤቴ ጽጌ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እኔ አማርኛ እሰማለሁ እኮ!» ብላ ትቆጣኛለች። እነሣና ለቡ መብራት ኃይል ከሚባለው ሰፈራችን አስፋልቱ ድረስ እሄዳለሁ፤ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ደግሞ እወጣለሁ።

እንዲህ የሚያቅበጠብጠኝ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ዋይልድ ይባላል። ለእንግሊዞቹ ተራ ቃል ነው፤ ሕፃን ልጅ ሁሉ ይለዋል። እኔ ግን ያንን ቃል መድረክ ላይ አበላሽቼ በመተርጎሜ አንዲት ዘማሪ መዘመር አቁማለች። ጡረታ ስወጣ የተመኘሁት ሌላ ነገር አልነበረም፤ ያቺን ዘማሪ፣ አማረችን፣ አንድ ጊዜ ስትዘምር መስማት ብቻ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከበቅሎ ልጀምር።

ተምሬ እንደ ወጣሁ የተቀጠርኩት ለአንድ የውጭ አገር የእንስሳት ሐኪም አስተርጓሚ ሆኜ ነው። ገጠር ለገጠር እየዞርን በቅሎና ፈረስ እናክም ነበር፤ ማለቴ እሱ ያክማል፣ እኔ እረገጣለሁ። አንድ ቀን የመጣች በቅሎ ሰው አላስጠጋ አለች። ሐኪሙ ወደ ኋላ ሸሽቶ «ዋይልድ ናት» አለ። እኔም ለባለቤቷ «ያልተገራች ናት አለ» አልኩት። ሰውዬው «እሱማ እውነቱን ነው፣ ገና ጭነት አላየችም» ብሎ ገመዱን አሳጠረ። ሐኪሙ ተደሰተ፣ ባለበቅሎው ተደሰተ፣ እኔ ደግሞ በራሴ ተደሰትኩ። ዋይልድ ማለት ያልተገራ ማለት ነው ብዬ አእምሮዬ ውስጥ በምስማር መታሁት። መጥፎነቱ ደግሞ ስሕተት አለመሆኑ ነው፤ ለበቅሎ ልክ ነው።

ከዚያ ወደ አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ተዛወርኩ። ደመወዙ ደህና ነበር፣ የስብሰባው ብዛት ግን ያስለቅስ ነበር። እዚያ ዋይልድ የማይባልበት ቀን የለም። ያውም በየቀኑ ልብሱን እየቀየረ ነው የሚመጣው። እንስሳ ላይ ሲሆን የዱር እንስሳ ነው። ቡና ላይ ሲሆን የጫካ ቡና። ማንም ሳይተክለው ጓሮ የበቀለ ቲማቲም ላይ ሲሆን ወፍ ዘራሽ። ማር ላይ ሲሆን መጽሐፉ እንደሚለው የበረሃ ማር። ልጅ ላይ ሲሆን መረን የወጣ። ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ዱርዬ፤ ቃሉ ራሱ ከዱር የወጣ ነውና በዚህ እንኳ ከእንግሊዞቹ ጋር ተስማምተናል። አንድ የእነሱ ቃል የእኛን አገር ሜዳውን፣ ጫካውን፣ በረሃውንና ፖሊስ ጣቢያውን ሁሉ ያዞረኝ ነበር።

አንድ ስብሰባ ላይ የውጭው ኤክስፐርት ተናደደና ጥናቱ «የዱር ዝይ ማሳደድ» ነው አለ። እነሱ ዘንድ ከንቱ ልፋት ለማለት ነው። እኔ ምን ዐውቄ! እንዳለ አወረድኩት። ስብሰባው ሲያበቃ አንድ የወረዳ ሹም ወደ ጎን ጠራኝና በትሕትና «ወንድሜ፣ ዝዩ ያለው የትኛው ቀበሌ ነው? እኛ ጋ ዝይ መኖሩን አናውቅም ነበር» አለኝ። አለቃዬ ወይዘሮ ሰናይት ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስሕተት በሠራሁ ቁጥር «መስፍን፣ ዝይህን ይዘህ ውጣልኝ» ትለኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ስሕተት አልጠላውም። ማንንም አይጎዳም።

እሁድ እሁድ ደግሞ እዚሁ ለቡ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ለእንግዳ ሰባኪዎች አስተረጉም ነበር። ለዚህ ሥራ ያሠለጠነኝ ጋሽ ተካልኝ ነው። እሱ መድረክ ላይ ሲያስተረጉም ሕዝቡ ሰባኪውን ይረሳውና በአማርኛ የተሰበከ ይመስለው ነበር። እኔም እንደሱ ልሁን ብዬ ተከተልኩት።

ጋሽ ተካልኝ ከአገልግሎቱ በፊት እንግዳውን ለብቻው ይዞ ይቀመጥና ስለ እናቱ ይጠይቀዋል። ሰባኪው ስለ እናቱ ሲያወራ የት ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ ሲነካ ድምፁ የት እንደሚወርድ ይይዛል። ለጉሮሮው ዝንጅብል በኪሱ አይጠፋም። ሲቆም ከሰባኪው ትንሽ ወደ ኋላ፣ በግራ በኩል ነው፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ «የሰውዬውን እጅ እያዩ የእኔን ቃል ይስሙ» ይላል። ዓይኑን ግን ከሰባኪው ፊት አይነቅልም። «ቃል ይዋሻል፤ ፊት ላይ ያለውን ነው የምትተረጉመው» ይለኝ ነበር። ያልገባው ነገር ሲመጣ ደግሞ አያፍርም። የሰባኪውን እጅጌ ቀስ ብሎ ይስብና ሕዝብ እያየ «ምን ለማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ይህን ሲያደርግ አፍርለት ነበር። ሞኝ ነበርኩ!

አንድ ሕግ ነበረው፣ እሱን የጣሰ ወዮለት። የመንገድ ቃል መድረክ ላይ አይወጣም። አንድ ጊዜ ስለ ሐዋርያት ሳስተረጉም «ገባቸው» ለማለት «ነቄ አሉ» የሚል አምልጦኝ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ወስዶ «መስፍን፣ ከታክሲ ላይ የለቀምከውን እዚያው ታክሲ ላይ አውርደው!» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን እንደ ልብስ ተኮስኩት።

አማረች ያኔ ከጨንቻ የመጣች፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ነበረች። የመዘምራን ቡድኑ ውስጥ ዳር ላይ ነበር የምትቆመው። ስትዘምር ግን ሰው ወደ ኋላ ዞሮ በሩን ያይ ነበር፤ ከውጭ የመጣ ነገር ስለሚመስለው። ዜማውን ይዛ ትሄድና ድንገት ትለቀዋለች፣ ጠፋ ስንል ከላይ ይዛው ትመጣለች። አንዳንዱ ሽማግሌ ይህ ነገር ሥርዓት አለው ወይ እያለ ያጉረመርም ነበር። እኔ ስሰማት የእጄ ፀጉር ይቆማል።

አንድ እሁድ መዘምራን ሊያስተምር የመጣ የውጭ አገር የሙዚቃ መምህር ሰማት። ብቻዋን እንድትዘምር ጠየቀ፣ ዘመረች። ስትጨርስ ሰውዬው ከወንበሩ ተነሥቶ መድረክ ላይ ወጣ። ማይክራፎኑን ያዘና አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። ድምጿ ዋይልድ ነው አለ።

ዓይኔ ፊቱ ላይ ሊሆን ሲገባ ሕዝቡ ላይ ነበር። ሕዝብ ሲያየኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ለማሰብ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልወሰድኩም። በቅሎዋ መጣችልኝ።

«ድምጿ» አልኩ በሙሉ ልቤ፣ «ያልተገራ ነው!»

አሜን የለ፣ እልልታ የለ። ለካ በእኛ አማርኛ ያልተገራ የሚባለው አንደበት ነው፣ ጠባይ ነው፣ ምላስ ነው። ማንንም ያልተገራ ብለን አመስግነን አናውቅም። እንግዳው ምን ነካቸው ብሎ ግራ ተጋብቶ ያየኛል። ፊት ወንበር ላይ ጋሽ ተካልኝ የራሱን እጅጌ ይዞ ይጎትታል፤ ጠይቀው፣ ጠይቀው ማለቱ ነው። እኔ ግን ቸኮልኩ። «ማለቴ... የዱር ነው! የዱር ድምፅ ነው!» አልኩ።

ከኋላ አንዱ «የጅብ ነው?» አለ፣ አዳራሹ በሳቅ አለቀ። አማረች ማይክራፎኑን ማቆሚያው ላይ እንኳ አልመለሰችውም። ወንበር ላይ አስቀምጣው ወረደች።

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዳውን ጠይቄ ተረዳሁ። ዋይልድ ያለው ድምጿን ማንም እንዳይነካው፣ ማንም እንዳያስተካክለው ፈልጎ ነው። ተሯሩጬ የመዘምራኑ መሪ ወደ ሆነው ወደ ወንድም ጌታሁን ሄድኩ፣ ቃሉ ምስጋና መሆኑን አስረዳሁት። ጌታሁን ቅን ሰው ነው፣ ግን ደረቅ ነው። «ወንድም መስፍን፣ መዝገበ ቃላቱን እኔም አይቼዋለሁ። ያልተገራ ይላል። ባለሙያ የተናገረውን ለይሉኝታ ብለህ አታለሳልስ። እንገራዋለን» አለኝ። ገሩትም። የትንፋሽ ልምምድ፣ የዜማ ልምምድ፣ እዚህ ጋ አትውጪ፣ እዚያ ጋ አትጩኺ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አማረችን ከሌሎቹ መለየት አቃተኝ። ከዚያ አንድ እሁድ ከመዘምራኑ ቀረች። አግብታ ፉሪ ገባች ሲባል ሰማን። ቸርች ትመጣለች፣ ኋላ ትቀመጣለች፣ መዝሙር ሲዘመር አፏ አይከፈትም። ይቅርታ ብያት ነበር። «ምንም አይደል፣ ጋሽ መስፍን» ነው ያለችኝ። ምንም አይደል የሚለውን ቃል እኔ ነኝ የማላውቀው? ብዙ ነገር ማለት ነው።

እና አሁን ሽማግሌዎቹ ለስንብቴ ቀን ምን እንስጥህ፣ ጋቢ ነው ወይስ ሰዓት ሲሉኝ፣ «አማረች ትዘምርልኝ» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። «እሷ እኮ አትዘምርም» አሉ። «እኔ እጠይቃታለሁ» አልኩና በማግሥቱ ፉሪ ሄድኩ።

ከሀና ማርያም የተሳፈርኩበት ታክሲ ኮረኮንቹ ላይ እያንገጫገጨ አወረደኝ። አማረች ግቢዋ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ወፈር ብላለች። ስፌቱን ሳታቆም አስቀመጠችኝ። እኔ መቀመጥ አልሆነልኝም፣ ተነሥቼ ቆሜ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ እርሳው» አለች። «ምን ልዘምርልህ? የተገራ ድምፅ ነው ያለኝ። እሱን ደግሞ ሁሉም አለው።»

«እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁሽ።»

«አንተ አይደለህም። ሳቃቸውም አይደለም።» የስፌት መኪናውን አቆመችና ቀና አለች። «ያን ቀን የፈረንጁን ፊት አይቼው ነበር። እንግሊዝኛ ባልችል ዓይን አለኝ አይደል? ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ምን እንዳለኝ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ሳለ እነሱን አምኜ መገራቴ ነው የሚያንገበግበኝ። በካሴት ቀድተው ሲያሰሙኝ የራሴን ድምፅ ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ በኋላ ለምን አፌን ልክፈት?»

ይህን ሁሉ ዘመን አማርኛ ሳገላብጥ፣ እሷ አንድ ጊዜ ፊቱን አይታ ጨርሳለች።

ድንገት ለራሷ ፈገግ አለች። «ልጄ አንድ ቀን ፊልም ስታይ ዋይልድ ሲሉ ሰማሁ። ያቺ ቃል ናት ብዬ ዘለልኩ። ምን ማለት ነው ስላት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ቀውጢ ማለት ነው፣ እማ።›»

ቁጭ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ወንበሩ ላይ ዱብ አልኩ። ቀውጢ! ቀውጢ ሰዓት ሲባል መከራ ነው፣ ቀውጢ ሠርግ ሲባል ደስታ ነው። ልክ እንደ ዋይልድ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። አንድ ሰው ሲዘፍን ሰፈሩ የሚለው ምንድን ነው? ቀወጠው! ነው የሚለው። በቀን ስንቴ በታክሲ መስኮት ሲገባ ሰምቼው ነበር። የመንገድ ቃል ነው ብዬ ለራሴ ስለ ከለከልኩት አንድ ቀን ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም።

«እንግዲያው ስማኝ ጋሼ» አለች አማረች። «እዘምራለሁ። ግን ስታስተዋውቀኝ ያንን ቃል መድረክ ላይ ትለዋለህ። ፈረንጁ ያለውን። በልጄ አማርኛ።»

«መድረክ ላይ? አማረች፣ ጋሽ ተካልኝ እኮ ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው!»

«እሱ ይሻልሃል እኔ?» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት ጽጌን ጠይቋት። መስተዋት ፊት ቆሜ ቃሉን እለማመዳለሁ፣ ግማሹ ላይ እተወዋለሁ። «ልዩ» በሚለው ብተካውስ? «ድንቅ» ብለውስ? ማን ያውቃል፣ ታልፍልኝ ይሆናል እላለሁ። ደግሞ መልሼ እናደዳለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ልዋሽባት ነው?

እሁድ ሆነ። አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ተካልኝ በልጁ ተደግፎ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዛሬ ጆሮው ደክሟል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው። ጌታሁን ሸብቶ ከመዘምራኑ ጋር ቆሟል። ጋቢውን አለበሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ፣ ማይክራፎኑን ሰጡኝ። አማረች ደረጃው ሥር ቆማ ታየኛለች። በዚህ ጊዜ ዓይኔን ከፊቷ አልነቀልኩም።

«ወገኖቼ» አልኩ፣ «ከብዙ ዘመን በፊት አንድ እንግዳ እዚህ ቆሞ ስለዚህች እህታችን አንድ ቃል ተናገረ። እኔ ያልተገራ ነው አልኳችሁ። ውሸት ነው። የዱር ነው አልኳችሁ። እሱም ውሸት ነው። ሰውዬው ያለው...» ልዩ የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። አማረች ቅንድቧን ከፍ አደረገች። «ሰውዬው ያለው፣ ‹ድምጿ ቀውጢ ነው!›»

ወጣቶቹ አፈነዱት፤ ፉጨት፣ ጭብጨባ፣ እልልታ። እናቶቹ ተከተሉ። ወደ ጋሽ ተካልኝ ለማየት ድፍረት አልነበረኝም። ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አማረች ወጣች። ጀመረች። ልቤ ስብር አለ። ንጹሕ ነው፣ ልክ ነው፣ ሥርዓት ያለው ነው፤ ጌታሁን የሠራው ድምፅ ነው። አንገቴን ደፋሁ። እሷም ራሷ ገብቷታል፣ ሁለተኛውን ስንኝ ስትጀምር ቀና ብዬ ፊቷ ሲጨልም አየሁ። አሁን ታቆማለች፣ ደግማም አትጀምርም ብዬ ጋቢዬን ጨበጥኩ።

ያኔ መብራት ጠፋ። ሰፈራችን ስሙ መብራት ኃይል ይሁን እንጂ መብራቱ እንደ ፈለገው ነው ሄዶ የሚመጣው። ኪቦርዱ ተቋረጠ፣ ማይክራፎኑ ሞተ። መዘምራኑ ቆሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሁላችንም ዝም ብለን እንጠብቅ ነበር።

አማረች የሞተውን ማይክራፎን አየችው። ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ አዳራሹን እስከ ኋለኛው በር ድረስ አየችና አፏን ከፈተች።

እዚህ ጋ አትውጪ የተባለችበት ላይ ወጣች። እዚያ ጋ አትጩኺ የተባለችበት ላይ ጮኸች። ዜማውን ለቀቀችው፣ ጠፋ፤ ከቆርቆሮው ሥር ይዛው ተመለሰች። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች በሩን ሞሉት። ጌታሁን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ያለቅሳል። እኔማ ጋቢውን ዓይኔ ላይ ነው የያዝኩት።

እጅጌዬን አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሳበኝ። ጋሽ ተካልኝ ነው። ያ የድሮ አሳሳቡ፣ ያልገባው ነገር ሲመጣ ሰባኪዎቹን የሚስብበት። ጆሮው የደከመው ሰውዬ ፊቱን ወደ እሷ አቅንቶ ይሰማል።

«መስፍን» አለኝ፣ «ይችን አሁን ምን ብለህ ትተረጉማታለህ?»

«አልተረጉማትም፣ ጋሼ» አልኩት። «ጡረታ ወጥቻለሁ።»